የመኪና ቤት ለእናት መኖሪያ ሲሆን፤ የሙቀት፣ የአየርና የእርጥበት ትምህርት ከሆለታ ብርድ

ሆለታ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በአካባቢው የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ደግሞ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ሰማዩ ጥርት በሚልባቸው ሌሊቶች ውርጭ የሚጥልበት ጊዜ አለ። በክረምት ደግሞ መሬቱ በውኃ ይጠግባል፤ ዓመታዊው የዝናብ መጠን ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታም የሚገኙት በዚሁ በከፍተኛው ምድር ላይ በመሆኑ የሌሊቱን ብርድና የክረምቱን እርጥበት ከሆለታ ጋር ይጋራሉ።

በእነዚህ ከተሞች የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ለሕክምና ወይም ለጡረታ ዘመን ከገጠር የመጡ እናትን፣ አባትን ወይም አክስትን ይቀበላሉ። ዋናው ቤት ሲጠብ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በግቢው በር አጠገብ ባለው የመኪና ቤት ላይ ነው። በአገራችን ጋራዥ የሚለው ቃል አብዛኛውን ጊዜ መኪና የሚጠገንበትን ቦታ ስለሚያመለክት፣ በዚህ ጽሑፍ መኪና እንዲያድርበት በግቢ ውስጥ የተሠራውን ክፍል «የመኪና ቤት» እንለዋለን። ግድግዳ አለው፤ ጣሪያ አለው፤ በር አለው። አልጋና ምንጣፍ ቢገባበት መኖሪያ የሚሆን ይመስላል። ነገር ግን መኪና አይበርደውም፣ አይተነፍስም፣ በሌሊትም ተነሥቶ ወደ መጸዳጃ ቤት አይሄድም። ለመኪና የተሠራ ክፍል ለሰው እንዲሆን ምን ምን መለወጥ አለበት? ከየትኛውስ መጀመር ይገባል? መልሱ በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ትምህርት ውስጥ ይገኛል።

ሙቀቱ በየት በኩል ይወጣል?

አንድ የመኪና ቤት በምሳሌነት እንውሰድ። ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር ነው እንበል። ግድግዳው በሁለቱም በኩል የተለሰነ ባለ 20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ፣ በሩ የላሜራ ነው። ጣሪያው 18 ካሬ ሜትር፣ በሩ 6 ካሬ ሜትር፣ የቀረው ግድግዳ 39 ካሬ ሜትር ይሆናል።

የአንድን አካል ሙቀት የማሳለፍ መጠን የምንለካው እንዲህ ነው፦ በውስጥና በውጭ መካከል የአንድ ዲግሪ ልዩነት ሲኖር፣ አንድ ካሬ ሜትር የሆነው ክፍሉ ስንት ዋት ያሳልፋል? ባዶ ቆርቆሮ 7 ዋት ያህል፣ የላሜራ በር 6 ዋት ያህል፣ የተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ 2.5 ዋት ያህል ያሳልፋሉ። እነዚህን ቁጥሮች በየስፋታቸው እናባዛ።

ጣሪያው፦ 18 × 7 = 126 ዋት በዲግሪ
በሩ፦ 6 × 6 = 36 ዋት በዲግሪ
ግድግዳው፦ 39 × 2.5 = 98 ዋት ገደማ በዲግሪ

ድምሩ 260 ዋት በዲግሪ ነው። የወለሉን ለጊዜው ትተነዋል። ከድምሩ እንደምንረዳው ጣሪያው ከጠቅላላው ስፋት አንድ ሦስተኛ እንኳ ሳይሞላ፣ ከሚባክነው ሙቀት ግማሽ ያህሉን ብቻውን ያስወጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ስለ ቤትና ጤና በሚናገር መመሪያ፣ በብርድ ወቅት የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ ባይወርድ መልካም መሆኑን ይመክራል። ምክሩ በተለይ ለአረጋውያን ያስፈልጋል፤ ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት በመንቀጥቀጥ ሙቀት የማመንጨትና የቆዳን የደም ሥሮች አጥብቦ ሙቀትን የመቆጠብ ችሎታው ይቀንሳል። ከሌሊቱ 6 ዲግሪ እስከ 18 ዲግሪ ያለው ልዩነት 12 ዲግሪ ነው። ስለዚህ በዚህ የመኪና ቤት 18 ዲግሪን ጠብቆ ለማደር 260 × 12 = 3120 ዋት ያስፈልጋል ማለት ነው። የተኛ ሰው ከሰውነቱ የሚያወጣው ሙቀት 70 ዋት ያህል ብቻ ነው። የክፍሉን ብርድ በብርድ ልብስ ብዛት ብቻ መቋቋም ለምን እንደማይቻል እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ያሳያሉ።

እዚህ ላይ ከሰማዩ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር አለ። ሙቀት በንክኪና በአየር እንቅስቃሴ ብቻ ሳይሆን በጨረራም ይተላለፋል። ደመና በሌለበት ሌሊት ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ጠፈር ይረጫል፤ ደመና ቢኖር ግን የተወሰነውን ይመልስለት ነበር። ስለዚህ በታኅሣሥ ሌሊት ቆርቆሮው በዙሪያው ካለው አየር ይበልጥ ሊቀዘቅዝ ይችላል።

የሣር ጎጆው ምን ያስተምረናል?

ከገጠር የመጡት እናት በሣር ክዳን ቤት ኖረው ከሆነ፣ «የከተማው ቤት ይበርዳል» ቢሉ አቤቱታቸው ሳይንሳዊ መሠረት አለው። 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ የሣር ክዳን በአንድ ዲግሪ ልዩነት በካሬ ሜትር የሚያሳልፈው 0.35 ዋት ገደማ ነው። ባዶው ቆርቆሮ የዚህን 20 እጥፍ ያሳልፋል። ምሥጢሩ በሣሩ መካከል ታፍኖ የቆመው አየር ነው፤ የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀትን እጅግ በዝግታ ያስተላልፋል። ጋቢም የሚያሞቀው በድርና ማጉ መካከል አየር ስለሚይዝ ነው።

ከተማ ውስጥ ሣር መክደን ለእሳት አደጋ ያጋልጣል። ሐሳቡን ግን መውሰድ እንችላለን፤ እርሱም ከቆርቆሮው ሥር የቆመ አየር የሚይዝ ንብርብር ማበጀት ነው። የችፑድ ኮርኒስ ተሠርቶ በላዩ 5 ሴንቲ ሜትር ነጭ ፎም ቢነጠፍ፣ የጣሪያው የማሳለፍ መጠን ከ7 ወደ 0.6 ገደማ ይወርዳል። የጣሪያው ብክነትም ከ126 ወደ 11 ዋት በዲግሪ ይቀንሳል ማለት ነው። ፎም በቀላሉ የሚቀጣጠልና ሲነድ መርዛም ጭስ የሚያወጣ በመሆኑ በምንም ዓይነት ተገልጦ መታየት የለበትም፤ የኤሌክትሪክ ሽቦም በላዩ ሊያርፍ አይገባም።

ቀጥሎ የላሜራውን በር እናንሣ። በስድስቱ ካሬ ሜትር ቦታ 2.2 ካሬ ሜትር ብሎኬት፣ 2 ካሬ ሜትር የእንጨት በርና 1.8 ካሬ ሜትር የመስተዋት መስኮት ቢተካ፣ የዚህ ክፍል ብክነት ከ36 ወደ 22 ዋት በዲግሪ ይወርዳል። አሁን ድምሩ 11 + 22 + 98 = 131 ሆነ። ሙቀቱን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው በ12 ዲግሪ ልዩነት ወደ 1570 ዋት ወረደ፤ ከመጀመሪያው ግማሽ ያህል ነው። አቅም ካለ ግድግዳውን ከውስጥ በ3 ሴንቲ ሜትር ፎምና በሰሌዳ ማልበስ የግድግዳውን መጠን ከ2.5 ወደ 0.8 ያደርሰዋል፤ ድምሩም 64፣ የሚያስፈልገውም 770 ዋት ያህል ይሆናል። አቅም ከሌለ በጭድ የተቦካ ወፍራም የጭቃ ልስን ከዚህ ያነሰ ቢሆንም የራሱን ድርሻ ያበረክታል፤ ከዚህም ሌላ የቀኑን ሙቀት በውስጡ ይዞ በሌሊት ቀስ በቀስ ይመልሳል።

ቀዳዳውን መድፈን ወይስ ጣሪያውን ማልበስ?

ብርድ ሲመጣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የአየር መግቢያዎችን በጨርቅና በጋዜጣ መወተፍ ነው። ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚጠቅም በስሌት እንመርምር።

የክፍሉ ይዘት 6 × 3 × 2.5 = 45 ሜትር ኩብ ነው። በሆለታ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ አንድ ሜትር ኩብ አየር 0.92 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። አንድ ኪሎ ግራም አየር በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1005 ጁል ያስፈልጋል። የክፍሉ አየር በሰዓት አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቢለወጥ፦

45 × 0.92 × 1005 ÷ 3600 = 11.6 ዋት በዲግሪ

በ12 ዲግሪ ልዩነት 140 ዋት ያህል መሆኑ ነው። ባዶው የቆርቆሮ ጣሪያ በዚያው ሰዓት የሚያባክነው ግን 126 × 12 = 1512 ዋት ነው። ንጹሕ አየር የሚያስከፍለን ዋጋ ጣሪያው ከሚዘርፈን አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቀዳዳውን የሚደፍን ሰው ትንሹን ኪሳራ ዘግቶ ትልቁን ክፍት ይተወዋል። ከዚህም የከፋው፣ የሰውን ሕይወት የሚጠብቀውን በር መዝጋቱ ነው።

ፍም፤ የማይታየው መርዝ

በባዶ ቆርቆሮ ሥር የሚያድር ቤተሰብ ወደ ከሰል ምድጃ ማየቱ አይቀርም። «ጭሱ አልቋል፤ የቀረው ፍም ብቻ ነው» የሚለው አባባል በብዙ ቤት ይሰማል። ፍም ግን ጭስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም። ካርቦን በቂ ኦክስጅን ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ በፍሙ ክምር ውስጥ ግን ኦክስጅን ስለሚያንስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም።

መጠኑን እናስላ። አንድ ኪሎ ግራም ከሰል ሲነድ፣ እንደ ከሰሉና እንደ ምድጃው ዓይነት ቢለያይም፣ 200 ግራም ያህል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ትንሽ ዕፍኝ የሚሆን 100 ግራም ከሰል ብቻ በክፍሉ ቢነድ 20 ግራም፣ ማለትም 20,000 ሚሊ ግራም ጋዝ ይወጣል። ክፍሉ ከተዘጋ 20,000 ÷ 45 = 444 ሚሊ ግራም በሜትር ኩብ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ለቤት ውስጥ አየር ያወጣው መመሪያ ለ15 ደቂቃ ከ100፣ ለአንድ ሰዓት ከ35 ሚሊ ግራም በሜትር ኩብ እንዳይበልጥ ይመክራል። አንድ ዕፍኝ ከሰል የመጀመሪያውን ወሰን ከአራት እጥፍ፣ ሁለተኛውን ከአሥራ ሁለት እጥፍ በላይ አሳለፈው።

ያ ከሰል የሰጠው ሙቀትስ? 100 ግራም ከሰል 3 ሚሊዮን ጁል ያህል ኃይል አለው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢነድ 830 ዋት ገደማ ነው። ባዶው የመኪና ቤት የሚፈልገው 3120 ዋት ስለሆነ ዕፍኙ ሩቡን ያህል ብቻ ያሟላል። ስለዚህ የሚበርደው ሰው ይጨምራል፤ ከሰሉ በጨመረ ቁጥር መርዙም ይጨምራል። ያልለበሰ ጣሪያና የከሰል አደጋ የተሳሰሩት በዚህ መንገድ ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ከደም ሄሞግሎቢን ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። በሆለታ ከፍታ ሰው በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ቀድሞውኑ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ ሁለቱ ጉድለቶች ይደራረባሉ። ልባቸው የደከመ አረጋውያን ደግሞ ከሁሉም በላይ ተጎጂ ናቸው። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ግራ መጋባት ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን አንዱንም ሳያውቅ ሊያልፍ ይችላል። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ሰው ቢገኝ ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ኦክስጅን ወደሚሰጥበት የጤና ተቋም ማድረስ ይገባል። በተራ አየር ጋዙ ከደም በግማሽ ለመቀነስ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጅበታል፤ በንጹሕ ኦክስጅን ግን ከአንድ ሰዓት ተኩል ያነሰ ጊዜ ሊበቃው ይችላል።

ከዚህ የምናገኘው ደንብ አጭር ነው፦ የተቀጣጠለ ከሰል ሰው በሚተኛበት ክፍል አያድርም፤ መስኮት ቢከፈትም አያድርም። በምትኩ አንድ ሊትር ተኩል ውኃ በ60 ዲግሪ ሙቀት በጎማ የውኃ ከረጢት ተሞልቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከብርድ ልብሱ ሥር ቢቀመጥ፣ ወደ 30 ዲግሪ እስኪወርድ ድረስ 188,000 ጁል ይሰጣል። ከሰውነት አጠገብ ስለሆነ ክፍሉን ሳይሆን ሰውን ያሞቃል። የአረጋውያን ቆዳ ስስ በመሆኑ ሳይጠቀለል ገላ መንካት የለበትም።

የሚያለቅሰው ቆርቆሮና የሚያልበው ወለል

የተኛ ሰው በትንፋሹና በላቡ በሰዓት 40 ግራም ያህል ውኃ ወደ አየር ያወጣል፤ በስምንት ሰዓት 320 ግራም። በ18 ዲግሪ አንድ ሜትር ኩብ አየር 15.4 ግራም ተን መያዝ ሲችል በ6 ዲግሪ የሚይዘው 7.3 ግራም ብቻ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሞቆ ተን የጠገበው አየር የቀዘቀዘውን ቆርቆሮ ሲነካ ትርፉ ወደ ጠብታ ይለወጣል። ጠዋት ላይ ቆርቆሮው ዝናብ ሳይዘንብ የሚያንጠባጥበው ለዚህ ነው። እርጥበቱ ሻጋታን ያበቅላል፤ ሻጋታም አስምና የመተንፈሻ አካላት ሕመም ያለባቸውን ያባብሳል። መድኃኒቱ ቀደም ሲል ያየነው ነው፤ ኮርኒስና ክፍት የአየር መተላለፊያ።

እርጥበት ከታችም ይመጣል። የመኪና ቤት ወለል ብዙውን ጊዜ ያለ ፕላስቲክ ንጣፍ በቀጥታ በአፈር ላይ የፈሰሰ ኮንክሪት ነው። በክረምት ውኃ በኮንክሪቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል ወደ ላይ ይሳባል። ወለሉ ያረፈበት ጥቁር የመረሬ አፈር ከሆነ ደግሞ ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ወለሉንም አብሮ ይሰነጥቃል። ይህን በቀላሉ መፈተሽ ይቻላል። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ጥርት ያለ ፕላስቲክ በደረቅ ወለል ላይ ዘርግታችሁ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጉ። ከ24 ሰዓት በኋላ ከፕላስቲኩ ሥር ጠብታ ከታየ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ እርጥበቱ ከአፈሩ የሚመጣ ነው። ያን ጊዜ በወለሉ ላይ ወፍራም ፕላስቲክ ዘርግቶ፣ በላዩ አዲስ የሲሚንቶ ልስን አፍስሶ፣ ከውጭም የጎርፍ መሄጃ ቦይ መቆፈር ያስፈልጋል።

ቤንዚን፣ የሞተር ዘይትና አሮጌ ባትሪ ከክፍሉ መውጣት እንዳለባቸው መናገር እንኳ ባላስፈለገ ነበር። ሆኖም ዘይት የጠጣ ወለል ከቆሻሻው ሳይጸዳ ምንጣፍ ሲለብስ ይታያል። በቤንዚን ተን ውስጥ ያለው ቤንዚን የተባለው ሃይድሮካርቦን የደም ካንሰርን የሚያስከትል በመሆኑ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለእርሱ ጉዳት የለሽ የሚባል መጠን አላስቀመጠም። የቆሸሸው የወለል ገጽ በሳሙናና በመጋዝ ዱቄት ተደጋግሞ መጽዳት፣ ካልሆነም ተፈልፍሎ መነሣት አለበት።

የኤሌክትሪክ መስመር

የመኪና ቤት አብዛኛውን ጊዜ ያለው አንድ አምፖል ብቻ ነው። ለዚያ አምፖል በተዘረጋው ቀጭን ሽቦ ላይ ማሞቂያ መሰካት ለእሳት በር ይከፍታል። የአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። 1500 ዋት ማሞቂያ 1500 ÷ 220 = 6.8 አምፔር፣ 3500 ዋት የእንጀራ ምጣድ ደግሞ 15.9 አምፔር ይስባሉ። ሁለቱ በአንድ መስመር ቢገናኙ 22.7 አምፔር ይሆናል። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከአምፔሩ ካሬ ጋር ያድጋል፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለክፍሉ ከቆጣሪው የራሱ ብሬከር፣ ተመጣጣኝ ውፍረት ያለው ሽቦና የመሬት መስመር በባለሙያ ሊዘረጋለት ይገባል።

ፀሐይና ደፍ

ሆለታ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ በ58 ዲግሪ ከፍታ ትቆማለች፤ በሰኔ አጋማሽ ግን ወደ ሰሜን አልፋ 76 ዲግሪ ትደርሳለች። ስለዚህ ወደ ደቡብ የዞረ መስኮት ፀሐይ የሚገባበት በሚያስፈልግበት በብርዱ ወራት ነው። የመስኮቱ ስፋት ከወለሉ አንድ አሥረኛ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው፤ በእኛ ምሳሌ 1.8 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው።

ደፉም ሊታሰብበት ይገባል። 15 ሴንቲ ሜትር ደረጃ ለወጣት ምንም ባይሆንም፣ በጨለማ ለሚነሡ እናት የዳሌ አጥንት ስብራት ሊያስከትል ይችላል። በእያንዳንዱ 12 ሜትር አንድ ሜትር ከፍ የሚል ተዳፋት ተስማሚ ስለሆነ፣ ለ15 ሴንቲ ሜትር የሚያስፈልገው 1.8 ሜትር ርዝመት ነው። በሩ 90 ሴንቲ ሜትር ቢሰፋ ተሽከርካሪ ወንበርም ያስገባል።

ከምን እንጀምር?

ገንዘብ ባነሰ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ነዳጅ፣ ዘይትና ባትሪ ማውጣት፤ ወለሉን ማጽዳት።
2. በላይኛው የግድግዳ ክፍል በተቃራኒ አቅጣጫ ሁለት የማይዘጉ የአየር መተላለፊያዎች ማበጀት።
3. ኮርኒስና ሙቀት አጋጅ ንብርብር መሥራት።
4. የወለሉን እርጥበት መፈተሽና መከላከል።
5. የላሜራውን በር በግድግዳ፣ በበርና በመስኮት መተካት።
6. የኤሌክትሪክ መስመሩን ማደስ፤ ተዳፋቱን መሥራት።
7. አቅም ሲገኝ ግድግዳውን ማልበስ።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕንፃ ሥራ በፈቃድ እንዲከናወን ደንግጎ ነበር። ግድግዳ የሚያፈርስ ወይም የሚጨምር ሰው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት፣ በሥራ ላይ ያለውን ደንብና የሚያስፈልገውን ፈቃድ ከከተማው የግንባታ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ አለበት።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በሰበታ የሚገኝ የመኪና ቤት ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር ነው። የሙቀት ልዩነቱ 12 ዲግሪ ቢሆን ባዶው ቆርቆሮ ስንት ዋት ያባክናል? ኮርኒስና ፎም ከለበሰስ?
2. 60 ሜትር ኩብ በሆነ ዝግ ክፍል 250 ግራም ከሰል ቢነድ የካርቦን ሞኖክሳይዱ መጠን ስንት ይደርሳል?
3. በቤታችሁ ያለውን የጣሪያ ስፋት ለክታችሁ የሚያባክነውን ሙቀት አስሉ፤ ውጤቱንም በቤት ላሉት አስረዱ።

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ 1260 ዋትና 108 ዋት፤ ሁለተኛው 833 ሚሊ ግራም በሜትር ኩብ፣ ማለትም ለ15 ደቂቃ ከተቀመጠው ወሰን ከስምንት እጥፍ በላይ። የሦስተኛው መልስ በየቤታችሁ ጣሪያ ላይ ነው፤ ከመጪው ኅዳር ብርድ በፊት ብታሰሉት ይመረጣል።